ላይ ላዩን የዛገ የክላሲክ መኪና ፍሬን አጸዳድ፦ ከመፍታት እስከ መልሶ መግጠም

ዝገት ማንሳት በራሱ ከባድ ሥራ አይደለም። ሆኖም ብዙዎች ፍሬኑን አጽድተው ከገጠሙ በኋላ ፔዳሉ ይንቀጠቀጥባቸዋል፣ ካሊፐሩ (ፓዶቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ዘይት ያንጠባጥባል፣ ወይም ዝገቱ በሳምንቱ ይመለሳል። ምክንያቱ በአብዛኛው አንድ ነው፤ ሁሉንም ክፍል በአንድ ብሩሽና በአንድ አሲድ ማጽዳት። ለዲስክ የሚስማማው ብርጭቆ ወረቀት ፒስተን ያበላሻል፤ ለታምቡር (ሸራ ከውስጥ የሚሻሽበት ከበሮ መሰል ብረት) የሚሆነው አሲድ ሞላ እንዲሰበር ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ካለው ሁሉ ደረጃ 4 ላይ ያለውን መለየት አይዝለሉ።

መፍታት ያስፈልጋል?

ዝናብ ባደረበት ወይም መኪና በታጠበ ማግስት ዲስክ (ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት) ላይ የሚታይ ቀጭን ቡናማ ሽፋን መፍታት አያስፈልገውም። ቀስ ብለው እየነዱ ጥቂት ጊዜ ፍሬን ይያዙ፣ ፓዱ (ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመው ክፍል) ራሱ ይጠርገዋል።

መኪናው ለወራት ከቆመ ግን ጎማውን አውርደው በካቻቢቴ ጫፍ ይፈትሹ። ቡናማ ዱቄት ረግፎ ከሥሩ ለስላሳ ብረት ከታየ ዝገቱ ላይ ላዩን ነው፣ ይህ መመሪያ ይበቃዋል። ቅርፊት እየሆነ ከተነሣ ወይም ጥፍርዎ የሚገባበት ጉድጓድ ካለ ብረቱ ተበልቷል፣ ማጽዳት አይመልሰውም። የሚከተሉትን ለማጽዳት ጊዜ አይፍጁ፣ ይቀይሯቸው፦

- የብረት የፍሬን ቱቦ፣ ሲጠረግ ጉድጓድ ወይም ቅርፊት ከታየበት
- የካሊፐር ፒስተን፣ ጎሚኒው (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) በሚይዝበት ቦታ ላይ ክሮሙ ከተላጠ
- ፓድ ወይም ሸራ፣ በማጣበቂያውና በብረቱ መካከል ዝገት ገብቶ ጠርዙ ከተነሣ። ዝገት ሲያብጥ ሸራውን ከብረቱ ይገነጥለዋል፣ ይህም በጉዞ ላይ ሊሆን ይችላል
- ሞላ፣ ጥቅልሎቹ ሳይሳቡ በመካከላቸው ክፍተት ከታየ
- ዘይት ወይም ግሪስ የጠጣ ሸራ። በምንም ማጽጃ ተመልሶ አይነጻም

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ክሪክ፣ ክብደቱን የሚችሉ ሁለት የብረት ድጋፎች፣ ታኮ፣ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያ ኃይልን የሚለካ ቁልፍ)፣ የጎማ መዶሻ፣ ፒንሳ፣ የሞላ ማውለቂያ። የብረትና የነሐስ ሽቦ ብሩሽ (ሁለቱም ያስፈልጋሉ)፣ ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 80፣ 120 እና 240፣ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ፣ ዝገት አላቃቂ ዘይት፣ የዱቄት ሲትሪክ አሲድ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ የዕቃ ሳሙና፣ ሙቀት የሚችል የፍሬን ግሪስ፣ አዲስ የታሸገ የፍሬን ዘይት፣ የማይበጣጠስ ጨርቅ። ማይክሮሜትር (ውፍረት መለኪያ) እና ዲያል ጌጅ (መዛባት መለኪያ) ቢዋሱ እንኳ ዋጋ አላቸው።

ለራስዎ፦ ዓይንን ዙሪያውን የሚሸፍን መነጽር፣ ጓንት፣ እና ኤፍኤፍፒ3 ወይም ፒ100 የሆነ የአፍንጫና አፍ ጭምብል። ቀጭኑ የሕክምና ጭምብል ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ደረጃ 1፦ መኪናውን ማቆም

1. ደልዳላና ጠንካራ ወለል ላይ ያቁሙ። መሬት ላይ በሚቀሩት ጎማዎች በሁለቱም በኩል ታኮ ያድርጉ።
2. የኋላውን የሚሠሩ ከሆነ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ፤ ካልለቀቁት ታምቡሩ አይወጣም። በዚህ ጊዜ መኪናውን የሚይዘው ታኮው ብቻ ነው።
3. የጎማ ቡሎኖችን መኪናው መሬት ላይ እያለ ያላሉ፣ ከዚያ ያንሡ፣ ድጋፎቹን ያስገቡ። በክሪክ ብቻ በተሰቀለ መኪና ሥር እጅዎን እንኳ አያስገቡ።
4. በአንድ ጊዜ አንድ ጎን ብቻ ይፍቱ። ያልተፈታው ጎን የሞላዎቹን አቀማመጥ የሚያሳይ ሞዴል ይሆንልዎታል። እያንዳንዱን እርምጃ በስልክ ፎቶ ያንሡ።

ደረጃ 2፦ አቧራውን ማርጠብ

የድሮ ሸራዎችና ፓዶች አስቤስቶስ (አቧራው ሲተነፈስ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን) ሊኖራቸው ይችላል፣ በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ሁሉንም እንዳለው አድርገው ይያዙ።

- በኮምፕረሰር አይንፉ። ደረቁን በብሩሽ አይጥረጉ። በቤት ቫኪዩም አይሳቡ።
- ውኃ ላይ ጥቂት የዕቃ ሳሙና ጨምረው በጥሩ የሚረጭ ጠርሙስ አቧራውን በደንብ ያርጥቡ። ከሥር ሳህን ያስቀምጡ።
- በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ጨርቁን እርጥብ እንደሆነ በሁለት ፌስታል ደርበው ያስሩ።

ታምቡር ሲወጣ ውስጡ ያለው አቧራ በአንድ ጊዜ ይረግፋል፤ ጭምብሉን ታምቡሩን ከመንካትዎ በፊት ያድርጉ።

የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ሲጠቀሙ ጣሳውን ያንብቡ። ክሎሪን ያለበት ዓይነት (ቴትራክሎሮኤትሊን የሚል) የነካው ብረት ላይ ሳይደርቅ ብየዳ ወይም እሳት ከቀረበ ፎስጂን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። ክሎሪን የሌለበት ደግሞ በቀላሉ ይቀጣጠላል።

ደረጃ 3፦ መፍታት

*ዲስክ፦* ካሊፐሩን ፈትተው በሽቦ ይስቀሉት፤ በጎማ ቱቦው ተንጠልጥሎ እንዳይቀር። ያረጀ ቱቦ ከውስጥ ሲቀደድ ከውጭ አይታይም፣ ኋላ ፍሬኑን ይይዛል እንጂ አይለቅም። ዲስኩ ከሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት የሚዞር ክፍል) ጋር አንድ ላይ የሚወርድ ከሆነ (በብዙ ክላሲክ መኪኖች ፊት ላይ እንዲህ ነው) ኩሽኔታዎቹን (ሞዞው የሚዞርባቸውን ቀለበቶች) አውጥተው በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅልሉ።

*ታምቡር አልወጣ ሲል፦* ብዙ ሰው ትዕግሥቱ የሚያልቅበት ቦታ ይህ ነው፣ ታምቡርም የሚሰነጠቀው እዚህ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፦

1. የሸራ ማስተካከያውን ወደ ኋላ ይመልሱ። ታምቡሩ ውስጥ ጠርዙ ላይ ያልተበላ ከንፈር ይኖራል፣ ሸራውን የሚያንቀው እሱ ነው።
2. ታምቡሩን ከሞዞው ጋር የያዘች ትንሽ ቡሎን ካለች ያውጡ።
3. ዝገት አላቃቂ ዘይት በመካከለኛው ቀለበት (ታምቡሩ ሞዞው ላይ በሚጠልቅበት ቦታ) ዙሪያ ብቻ ጥቂት ያድርጉ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ቢያድር ይሻላል።
4. በጎማ መዶሻ በጎማ ቡሎኖቹ መካከል ያለውን ፊት እያዞሩ ይምቱ። የውጭውን ጠርዝ በብረት መዶሻ አይምቱ፣ ታምቡር ስብራተኛ የፈሰሰ ብረት ነው።
5. ታምቡሩ ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች ካሉ ልካቸው የሆነ ቡሎን ያስገቡና እያፈራረቁ ግማሽ ግማሽ ዙር ያጥብቁ።

በአንዳንድ አሮጌ መኪኖች የኋላው ታምቡር ከሞዞው ጋር አንድ ሆኖ በሾጣጣ ዘንግ ላይ ተጠምዷል። እንዲህ ያለው በትክክለኛ ፑለር (ስቦ ማውጫ መሣሪያ) ብቻ ይወጣል፣ በመዶሻ አይሞክሩት።

ታምቡሩ ከወጣ በኋላ ማንም ፔዳል እንዳይረግጥ ያድርጉ፣ ፒስተኖቹ ተፈናጥረው ይወጣሉ።

ደረጃ 4፦ ክፍሎቹን በአራት መለየት

አራት ሳህን ያዘጋጁ።

- *ሳህን 1፣ የሚሻሹ ፊቶች፦* ዲስክና ታምቡር። ብርጭቆ ወረቀትና መለስተኛ አሲድ ይችላሉ። ቀለም፣ ዘይትና የዝገት መለወጫ ፈሳሽ አይነካቸውም።
- *ሳህን 2፣ ተደራርበው የሚጠብቁ ፊቶች፦* የሞዞ ፊት፣ የዲስክ ጀርባ፣ ቸርኬው የሚያርፍበት ቦታ። እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ ይጸዳሉ፣ ቀለም አይቀቡም።
- *ሳህን 3፣ ጎማና ዘይት ያለባቸው፦* ካሊፐርና የጎማ ሲሊንደር (በታምቡር ውስጥ ሸራዎቹን የሚገፋው)። አሲድ ውስጥ አይነከሩም። ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ የሞተር ዘይትና ዝገት አላቃቂ ዘይት ጎሚኒውን ያሳብጣሉ፣ ስለዚህ አይጠጓቸውም።
- *ሳህን 4፣ ሞላዎችና ጠንካራ ቡሎኖች፦* በእጅ ብሩሽ ብቻ። የጠነከረ ብረት ከአሲድም ሆነ ከኤሌክትሮሊሲስ (በኤሌክትሪክ ዝገት ከማንሳት) ሃይድሮጅን ወደ ውስጡ ይመጥጣል፣ ተሰባሪ ይሆናል፤ ጉዳቱም ከላይ አይታይም። አንድ ቀን ሲጫን ቀጭ ብሎ ይሰበራል።

የሳህን 3 ደንብ አንድ ልዩ ሁኔታ አለው። አረንጓዴ የማዕድን ዘይት የሚጠቀሙ የሲትሮየን መኪኖች ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ የእነሱን ጎሚኒ የሚያጠፋው ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚባለው የተለመደው የፍሬን ዘይት ነው። የዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን አንብበው ይጀምሩ።

ደረጃ 5፦ ማጽዳት

*ዲስክና ታምቡር*

1. በሙቅ ውኃና ሳሙና አጥበው ቅባቱን ያውጡ። ቅባት ባለበት ቦታ አሲድ አይሠራም፣ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል።
2. ዝገቱ ቀጭን ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 120 በክብ በክብ ይፈግፍጉ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ መፈግፈግ መስመር ይተዋል፣ ፓዱም ያንን መስመር ተከትሎ ይጮኻል። የዲስኩን ሁለት ፊቶች እኩል ይሥሩ። ታምቡር ውስጥ ቁጥር 80 ይጀምሩና በ120 ይጨርሱ።
3. ዝገቱ በአየር ማስገቢያ ክንፎችና በማዕዘኖች ውስጥ ከሆነ ይዘፍዝፉ። በ1 ሊትር ለብ ያለ ውኃ 60 ግራም ያህል ሲትሪክ አሲድ ያሟሙ፣ ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ይጠመቅ። ግማሹ ከውኃው በላይ ከቀረ በመስመሩ ላይ ብረቱ ይበላል።
4. በየሰዓቱ አውጥተው በብሩሽ ይፈትሹ። ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ይበቃል። ጥቁር ጥላሸት ቢይዘው አይደንግጡ፣ በብሩሽና በሳሙና ይወጣል። አቼቶም ይሠራል፣ ግን አንድ ቀን ሊወስድ ይችላል። ባትሪ አሲድና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አይጠቀሙ።

ከዚያ ይለኩ። ብዙ ዲስኮች ላይ ዝቅተኛው ውፍረት፣ ብዙ ታምቡሮች ላይ ከፍተኛው የውስጥ ስፋት ተቀርጾ ይገኛል፤ በዕድሜ የገፉት ላይ ግን ላይኖር ስለሚችል የመኪናው የጥገና መጽሐፍ ላይ ይፈልጉ። ዲስኩን ቢያንስ በስድስት ቦታ ይለኩ። ልዩነቱ ከ0.02 ሚሊሜትር ካለፈ በብርጭቆ ወረቀት አይስተካከልም፣ ወደ ቶርኖ (ብረት መላጫ ማሽን) ይሂድ፤ ከቶርኖ በኋላ ከዝቅተኛው ልክ በታች የሚወርድ ከሆነ ይቀየር።

*የሞዞ ፊት*

ሰው ሁሉ ዲስኩን አንጸባርቆ ሞዞውን ያልፈዋል። የሚንቀጠቀጥ ፔዳል የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ ከዚሁ ነው። በሞዞው ጠርዝ ላይ የቀረች 0.05 ሚሊሜትር ዝገት ዲስኩን ታዘማለች፤ ዲስኩ ከሞዞው ሁለት እጥፍ ሰፊ ከሆነ በውጭው ጠርዝ ላይ 0.1 ሚሊሜትር ትሆናለች። ዲስኩ በዞረ ቁጥር ፓዱን ይገፋል፣ ቆይቶም ውፍረቱ ራሱ ይዛባል።

- በሽቦ ብሩሽ እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ ይጥረጉ። በእያንዳንዱ የጎማ ቡሎን ሥር ያለው ቀለበት የግድ ይጽዳ፤ ዝገት የሚደበቀው እዚያ ነው።
- መካከለኛውን ቀለበትና የዲስኩን ጀርባም እንዲሁ ያድርጉ።
- ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በፊቱ ላይ አስተኝተው በብርሃን ይዩ። ብርሃን የሚያሾልክ ቦታ ካለ ሌላው ቦታ ላይ እብጠት ቀርቷል ማለት ነው።
- መጣበቅን የሚከላከል ቅባት የሚቀባው መካከለኛው ቀለበት ላይ ብቻ ነው፣ ያውም በጣም ስስ። ፊቱና የጎማ ቡሎን ጥርስ ደረቅ ይሁኑ።

*ካሊፐርና የጎማ ሲሊንደር*

የካሊፐሩን አካል ከውጭ በነሐስ ብሩሽና በሳሙና ውኃ ያጽዱ፣ ብሩሹ የአቧራ መከላከያ ጎማውን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። የአቧራ ጎማውን ጠርዝ ቀስ ብለው ገልጠው ይዩ፤ ከሥሩ እርጥበት ካለ ጎሚኒው አልቋል፣ ማጽዳቱን አቁመው የጎሚኒ ኪት ይግዙ።

ፒስተኑን ወደ ውስጥ ከመግፋትዎ በፊት የወጣውን ክፍል በንጹሕ የፍሬን ዘይት በነከሩት ጨርቅ ይጥረጉ። ብርጭቆ ወረቀትና የብረት ሽቦ አይንካው። ዝገት ያለበትን ፒስተን እንዲሁ ከገፉት ዝገቱ ጎሚኒውን ይቀደዋል፣ ካሊፐሩም በማግስቱ ያንጠባጥባል። ሲገፉ የአየር ማስወጫዋን ቡሎን በትንሹ ከፍተው ጫፏ ላይ ቱቦ ያድርጉ፣ ቆሻሻው ዘይት ወደ ዋናው ፓምፕ ከሚመለስ ወደ ጠርሙስ ይውጣ። የፍሬን ዘይት የመኪና ቀለም ያነሣል፤ የፈሰሰውን ወዲያው በውኃ ያጥቡ።

በሁለት ግማሽ የተሠራ ካሊፐር ከሆነ ሁለቱን የሚያያይዙትን ቡሎኖች አይፍቱ።

*ሞላ፣ ማስተካከያና ትናንሽ ክፍሎች*

ሞላዎችን በነሐስ ብሩሽ በእጅ። ወርቃማ ቢጫ ወይም ደብዛዛ ብርማ ልባጥ ያላቸው የድሮ ቡሎኖች በካድሚየም የተለበጡ ሊሆኑ ይችላሉ፣ አቧራው መርዛማ ስለሆነ ደረቃቸውን አይፈግፍጉ፤ እርጥብ ጨርቅ ይበቃቸዋል።

የኮከብ ጥርስ ያለውን ማስተካከያ ፈትተው ጥርሱን ያጽዱ፣ በጣት እስኪዞር ድረስ። የግራና የቀኝ ማስተካከያ ጥርሳቸው በተቃራኒ አቅጣጫ የተቆረጠ ስለሚሆን ምልክት ያድርጉባቸው። ከተቀያየሩ ራሱን በሚያስተካክል ፍሬን ላይ ሸራው መቅረብ ሲገባው እየራቀ ይሄዳል።

ሸራዎቹ በሚያርፉበት የብረት ሳህን (የሸራ ሳህን) ላይ ከፍ ከፍ ያሉ መደገፊያ ነጥቦች አሉ። ሸራው እየተሻሸ ቦይ ቆፍሮባቸው ከሆነ ያንን በብየዳ ሞልቶ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ሸራው ቦዩ ውስጥ ይያዛል፣ ሲለቁት አይመለስም።

ደረጃ 6፦ ማጠብና ማድረቅ

ዝገቱ በሰዓታት ውስጥ የሚመለሰው እዚህ ላይ በሚባክን ጊዜ ነው። ከአሲድ የወጣ ብረት ራቁቱን ነው። ያለ እረፍት፣ በተከታታይ ይሥሩ፦

1. ከአሲዱ እንደወጣ በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁ።
2. በ1 ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አሟሙተው ለ5 ደቂቃ ያስቀምጡ።
3. በጣም በሞቀ ውኃ ያለቅልቁ። ብረቱ ሲሞቅ ውኃው ራሱ ይተናል።
4. ወዲያው በጨርቅ ይጥረጉ፣ በፀጉር ማድረቂያ ወይም በሙቅ አየር ቀዳዳዎቹንና ክንፎቹን ያድርቁ። ብረቱ በእጅ የማይያዝ እስኪሆን ይሙቅ።

ያኔውኑ የማይገጥሙት ከሆነ ስስ ዘይት ይቀቡት፣ በሚገጥሙበት ቀን በፍሬን ማጽጃ አጥበው ያንሡት።

ደረጃ 7፦ ቀለም

ቀለም የሚቀባው የታምቡሩ ውጭ፣ የካሊፐሩ አካልና የሸራ ሳህኑ ነው። ሙቀት የሚችል ቀለም ይምረጡ። የሚሻሹትን ፊቶች፣ የሞዞውን ፊት፣ የፓድ መንሸራተቻውንና የአየር ማስወጫውን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ። ሁለት ስስ ሽፋን ከአንድ ወፍራም ይበልጣል። ጎማው የሚጠብቅበት ፊት ላይ ቀለም ካለ ሲሞቅ ይጨፈለቃል፣ የጎማው ቡሎንም ይላላል፤ ስለዚህ እዚያ ጠብታ እንኳ አይቅር።

ደረጃ 8፦ መልሶ መግጠም

1. እጅዎን ታጥበው አዲስ ጓንት ያድርጉ። ሸራና ፓድ በቅባት እጅ አይነኩም።
2. በሸራ ሳህኑ መደገፊያ ነጥቦች ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል የፍሬን ግሪስ ብቻ። የተረፈው በሙቀት ቀልጦ ሸራው ላይ ይደርሳል።
3. ፎቶውን እያዩ ሸራዎቹን ይግጠሙ። ሁለቱ እርስ በርስ በሚገፋፉበት ዓይነት ላይ አጭር ሸራ ያለው ወደ መኪናው ፊት ነው።
4. ዲስኩን ገጥመው በጎማ ቡሎኖች ያጥብቁት፣ በዲያል ጌጅ መዛባቱን ይለኩ። ከ0.1 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ ዲስኩን በሞዞው ላይ አንድ ቀዳዳ አዙረው እንደገና ይለኩ፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። የመኪናው መጽሐፍ የሚለው ልክ ግን ከዚህ ይቀድማል።
5. ሸራው ታምቡሩን እስኪነካ ያጥብቁ፣ ከዚያ በነፃ እስኪዞር ይመልሱ።
6. የአየር ማስወጫ ከፍተው ከነበረ አየር ያስወጡ። ዶት 5 ሲሊኮን ከዶት 3 ወይም 4 ጋር አይቀላቀልም።
7. ጎማዎቹን በመስቀል ቅደም ተከተል በቶርክ ሬንች ያጥብቁ፤ ከ50 እስከ 80 ኪሎሜትር ከነዱ በኋላ ደግመው ያጥብቁ።

ደረጃ 9፦ ሙከራ

ሞተር ከማስነሣትዎ በፊት ፔዳሉን እስኪጠነክር ድረስ ይርገጡ። ፒስተኖቹ ወደ ኋላ ስለተገፉ የመጀመሪያው ርግጫ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ ይህን የረሳ ሰው መኪናውን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። ጠንክሮ ለአንድ ደቂቃ ሲይዙት ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ አይንዱ፣ የሚያንጠባጥብ ቦታ ይፈልጉ።

ሰው በሌለበት ቦታ በእግር ፍጥነት ይሞክሩ። ከዚያ ከ50 ወደ 15 ኪሎሜትር በሰዓት፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ፣ ከ8 እስከ 10 ጊዜ በፍሬን ፍጥነት ይቀንሱ፤ በየመካከሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይንዱ። ሲጨርሱ ፍሬኑን ረግጠው አይቁሙ፣ ሞቃት ፓድ በዲስኩ ላይ ማኅተም ይተዋል።

ችግር ሲገጥም

*ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል፦* ዲስኩን አውርደው የሞዞውን ፊት እንደገና ያጽዱ። ቶርኖ ቤት ከመሄድዎ በፊት ይህን ያድርጉ።

*መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፦* በማይጎትተው በኩል ፒስተን ተይዟል ወይም ሸራው ቅባት ነክቶታል። በአንድ ጎን ብቻ ፓድ አይቀይሩ፣ ሁለቱንም ጎን ይቀይሩ።

*አንዱ ጎማ ይሞቃል፦* ከነዱ በኋላ እጅዎን ሳያስነኩ ወደ ቸርኬው ያቅርቡ። የአንዱ ሙቀት ከተለየ የአየር ማስወጫውን ይክፈቱ። ጎማው ነፃ ከሆነ የጎማ ቱቦው ከውስጥ ተዘግቷል፤ ካልሆነ ፒስተኑ፣ የፓድ መንሸራተቻው ወይም የእጅ ፍሬን ገመዱ ይዞታል።

*በማግስቱ ቢጫ ዝገት ታየ፦* የሚሻሹት ፊቶች ላይ ከሆነ ይንዱት፣ ይጠፋል። ከቀለም ሥር ከሆነ አሲዱ በደንብ አልታጠበም፤ ቀለሙን አንሥተው ከደረጃ 6 ይጀምሩ።

*መኪናው ለወራት የሚቆም ከሆነ፦* ካጠቡት በኋላ ፍሬኑ እስኪሞቅ ጥቂት ነድተው ያድርቁት። የእጅ ፍሬኑን ለቀው በታኮ ያቁሙት፤ ታምቡሩን የነካ ሸራ በእርጥበት ወቅት ከብረቱ ጋር ይጣበቃል።